የእናቴ ስልክ ወይስ የኔ ፋይበር?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦

«የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ቤት ሆኜ በኢንተርኔት የትርጉም ሥራ እየሠራሁ የቤቱን ወጪ እሸፍናለሁ። መስመራችን የድሮው የመዳብ ስልክ ሽቦ ስለሆነ አንድ ፋይል እስኪላክ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ዝናብ ከጣለማ ጭራሽ! ሰፈራችን ፋይበር ሲገባ ባለሙያዎች ጠራሁ። እናቴ ግን ‹አባትህ ያስገባውን መስመር ማንም አይነቅልም፤ እህትህ ቤይሩት ሆና በቃሏ የያዘችው ቁጥር ይሄ ብቻ ነው› ብላ በር ላይ ቆመች። ሰዎቹም ተመለሱ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን፤ አንነጋገርም። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ በፍጥነቱ በኩል እውነቱ ካንተ ጋር ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ከስልክ ጣቢያው በራቅህ ቁጥር ይደክማል፤ መጋጠሚያው ውሃ ሲገባበት ይብሳል። ፋይበር ግን እንደ ጸጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው፤ በውስጡ የሚያልፈውም ብርሃን ስለሆነ የሰፈር ርቀት አያደክመውም።

እናትህ ደግሞ አንተ ያላሰብከውን ይዘዋል። ተራው ባለገመድ ስልክ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በዚያው ሽቦ ከስልክ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ገደማ። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሲጨልም ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። በፋይበር ጊዜ ግን ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ኢንተርኔትና ወደ ስልክ የምትለውጥ ሳጥን ቤት ውስጥ ትተከላለች። እሷ የምትሠራው በቤታችሁ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ስልኩም ይሄዳል። ልጅቷ የእጅ ስልኳን ተነጥቃ በሰው ስልክ የደወለች ዕለት መብራት ቢጠፋስ?

ስለዚህ ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ፋይበሩ ይዛወር እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ መልሱን በወረቀት ተቀበል። እስከዚያ መዳቡን ማንም አይንካው። ለሳጥኗ የምትሆን ባትሪም ግዛ። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ቢሆንም ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ሳታነብ አትግዛ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እቤት ሞክረው እንጂ የሻጩን ወሬ አትመን።

ደግሞ «የቤቱም ኬብል በሙሉ ፋይበር ይሁን» የሚልህ ነጋዴ አይጠፋም። ገንዘብህን ያዝ! ካት 5ኢ የሚባለው የመዳብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ ቤታችሁ ቤተ መንግሥት አይደለ! ዋይፋይ በወፍራም ግድግዳ ሲያልፍ ስለሚደክም ከሳጥኗ እስከ ክፍልህ በዚህ ኬብል ሳብ። ፋይበሩን በምስማር አትቸንክረው፣ አትጠፈው፣ ጫፉንም በዓይንህ አትመልከት፤ ብርሃኑ ባይታይም ዓይን ይጎዳል።

ይቅርታውን ግን ወረቀቱ እስኪመጣ አታቆየው፤ ዛሬ ማታ ጠይቅ። ሁሉም ተገጥሞ ሲያልቅ እናትህን አጠገብህ አስቀምጠህ ቆጣሪውን አጥፋና ወደ ቤቱ ቁጥር ደውል። ያነሱት እሳቸው ይሁኑ።