«ኮር አይ ሰቨን ነው» እያላችሁ የሰው እቁብ አትብሉ

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይልኩልኛል። «ቲቸር፣ ቤት ያለው ዴስክቶፕ አሮጌ ነው፣ ጌም አይችልም። እሱን ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬ ኮር አይ ሰቨን ላፕቶፕ ልግዛ?» «ትንሽ» የሚሉት ብር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው አይደለም። የአንዱ የእናቱ እቁብ ነው፤ ገና ያልወጣ እቁብ! ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ በአደባባይ ልጻፈው፣ ገራዶም ፒያሳም ኮምቦልቻም ያላችሁ አንብቡት።

አትሽጡ። አትግዙም።

መጀመሪያ ይቺን «ኮር አይ ሰቨን» የምትባል ቃል እንያት። ሰው «ቶዮታ ነው፣ ግዛ» ቢላችሁ ዝም ብላችሁ ብር ትቆጥራላችሁ? ዲኤክስ ነው ቪትዝ፣ የስንት ዓመት ነው ትላላችሁ እንጂ። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ስቲከር አይተን እንከፍላለን። ኢንቴል ኮር አይ ሰቨን የሚለውን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ያኔ የወጣውም አይ ሰቨን ነው፣ የቅርቡም አይ ሰቨን ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል ነው፤ ሻጩ በጣቱ የሚሸፍነውም እሱኑ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ሁለቱም ማሽን እኛ አገር ሞልቷል። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 የሚባለው ላፕቶፕ ላይ አይ7 4600ዩ የሚባል ፕሮሰሰር ታገኛላችሁ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ አይ5 4570 አለ። ሁለቱም አራተኛ ጄኔሬሽን ናቸው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡ ናቸው። የላፕቶፑ «ሰቨን» ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 2.1 ጊጋኸርዝ። የዴስክቶፑ «ፋይቭ» አራት ኮር አለው፣ መነሻው 3.2። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ነው ማለቷ ነው። እንግዲህ ያ ልጅ አራቱን ኮር ሸጦ፣ የእናቱን እቁብ ጨምሮ፣ ሁለት ኮር ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ ነበር። ያውም ነገ ግራፊክስ ካርድ ልጨምርበት ቢል ቦታ የሌለው ማሽን!

ይህ ነው የሚያናድደኝ። አሮጌ ዕቃ መሸጥ ነውር የለውም፣ ሁላችንም በዩዝድ ነው ያደግነው። ነውሩ የቀድሞ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ «ጌሚንግ» ብሎ ለጥፎ ዋጋ መቆለል ነው። አንዳንዱማ ፋኑ ቀይና ሰማያዊ ስላበራ ብቻ «ጌሚንግ ሲፒዩ» ይላል። ኧረ ለሠርግ አዳራሽ ይሆናል!

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆችም ቢሆኑ አያግዙንም። «በርካሽ እንገጣጥም» ብለው 500 ዶላር ይጠራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ራሙም ካርዱም ኤስኤስዲውም በዶላር ነው የሚገባው። ስለዚህ እዚህ ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይስቅብኛል። የምጽፈው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ብሩ ስታልቅ ባለችበት እንድትቆሙ።

ከነጻው ጀምሩ። ሳጥኑን ክፈቱ፣ አቧራውን አራግፉ። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የሚባለው፣ ከዓመታት በኋላ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ያኔ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ጌም ስከፍት አሪፍ ነው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይንቀረፈፋል» የምትሉኝ ብዙዎቻችሁ ችግራችሁ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ከደሴ ስለሚለይ ቶሎ ቶሎ አጽዱ። (የጥርስ ሳሙና ቀብቼበት ነበር ያለኝ ልጅ ራሱን ያውቃል። አቦ ተው!)

ቀጥሎ ራም። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ በደንብ አንብቡት። ካርድ የሌለው ኮምፒውተር የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው የኢንቴል ግራፊክስ ነው። እሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከራሙ ይበደራል። ራሙ አንድ ፍሬ ከሆነ ዳታው በአንድ በር ተጋፍቶ ነው የሚያልፈው። ሁለት ፍሬ ስታደርጉ ሁለተኛው በር ይከፈታል። ለዚህ ነው በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋ ከመሰካት ሁለት ባለ 4 ጊጋ መሰካት ጌሙን የሚያቀለው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ሜሞሪ የሚለውን ንኩት፤ ስንት ቀዳዳ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። «ከአራት አንዱ» ካለ ደስ ይበላችሁ፣ መፍትሔው ርካሹ ነው። ብቻ ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፣ አታስገድዱት። በዚህ ብቻ ፔስ 2017 ሴቲንጉን ዝቅ አድርጋችሁ በአይ5 4570 ላይ ያለ ጣጣ ትጫወታላችሁ። ደሴ ውስጥ አሁንም በየፕሌይስቴሽን ቤቱ ሰው የሚደባደበው በፔስ አይደል?

ኤስኤስዲ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሻጮች «ጌም ያፈጥናል» ይላሉ፣ አያፈጥንም። ኮምፒውተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፣ ሜዳ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ያው ነው። ብር ካለ ግዙ፣ ለትምህርቱም ለሥራውም ይጠቅማል። ከራሙ በፊት ግን አይደለም።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ ብር የሚቀልጠው እዚህ ነው። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ቀጭኑ ሳጥን ፓወር ሳፕላዩ 255 ዋት ነው፣ ረጅሙ 290። ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የመብራት ገመድም የለውም። ካርዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት በዚያ ብቻ የሚኖር ካርድ ነው፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ፣ ወይም ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀውን ዓይነት። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነውን። «አዳፕተር አለው፣ ችግር የለም» የሚላችሁን ሰላም ብላችሁ ውጡ፤ የሚቃጠለው የእሱ ማዘርቦርድ አይደለም።

ጂቲ 1030 የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፤ ካርቶኑ ሊመሳሰል ይችላል። ጂዲዲአር5 የሆነው ደህና ነው፣ በኋላ የወጣው ዲዲአር4 ግን የሜሞሪው ፍጥነት ከግማሽ በታች ነው፤ እሱን አትንኩት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የውሸቱ 1050 ቲአይ ነው። የጥንት ካርድ፣ ጂቲኤስ 450ን የመሰለ፣ ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው ይሸጡታል። ዊንዶውሱ ራሱ ተታሎ «1050 ቲአይ» ብሎ ያሳያል። መድኃኒቱ ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ናት። ፍላሽ ላይ ይዛችኋት ሂዱ፣ ሱቁ ውስጥ ካርዱን አሰክታችሁ ክፈቷት፣ የውሸት ከሆነ በግልጽ ትናገራለች። «እዚህ መሞከር አይቻልም» ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ስለ ዊንዶውስ የሚጠይቁኝ አሉ። አዎ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ለፔስና ለጂቲኤ ብላችሁ በዚህ አትጨነቁ፣ አብሽሩ፣ ይሠራሉ። የባንክ ጉዳይ ብቻ አትሥሩበት። ይልቅ በዚህ ምክንያት ቢሮዎች አሮጌ ዴስክቶፕ ማውጣታቸው አይቀርም፤ ጨረታ የሚያይ ዓይን ይኑራችሁ።

«መምህር ሆነህ ስለ ጌም ትጽፋለህ?» የሚሉኝ ወላጆችም አላችሁ፣ አከብራችኋለሁ። ግን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋና ልጁ ቤት ሲውል አብሮት የዋለው ያ አሮጌ ዴስክቶፕና ከጓደኛ በፍላሽ የተገለበጠ ጌም ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ስንቱ ተቋም ኮምፒውተሩን ተዘርፏል። ከዚያ የተረፈችውን ማሽን እኛው «ቆሻሻ ነው» ብለን በኪሎ ዋጋ ስንሸጥ ማየት ያመኛል። ጌም ብሎ ሳጥኑን የከፈተ ልጅ ስለ ራምና ስለ ዋት ከእኔ የአይሲቲ ክፍል ይበልጥ ይማራል፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው የሰሌዳ ላይ ኮምፒውተር ነበር።

መብራት ነገር አለ፣ ታውቁታላችሁ። ካርድ የምትገዙ ከሆነ ከብሩ ላይ ለስታብላይዘር አስቀሩ።

ለሻጮቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ዕቃው ላይ ሙሉ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጽፎ መለጠፍ ስንት ያስከፍላል? እንዲህ የሚያደርግ ሱቅ ደሴም ኮምቦልቻም የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጠቁሙ፣ ተማሪዎቼን እልክለታለሁ። ዲዲአር3 ራም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣችሁ የረሳችሁም ጻፉልኝ፤ ባለ 4 ጊጋም ቢሆን። ያ የእቁቡ ልጅ አንድ ፍሬ ነው የጎደለው።