ቁናውስ ተለክቷል?

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ፕሮግራሚንግ የማውቃት ትንሽ ነገር የመጣችው ከታናሽ ወንድሜ ንዴት ነው። ሰቆጣ እያለን ጓደኛው በፍላሽ በገለበጠለት ‹ቱርቦ ሲ ፕላስ ፕላስ› ነበር የጀመረው። ‹ቮይድ ሜይን› ብሎ ይጽፋል፣ ማሽኑ እሺ ይላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንኑ ፕሮግራም ‹ጂሲሲ› ላይ ሲሞክረው ስህተት በስህተት ሆነበት። ማታ ደውሎ «ለካ ምንም አላውቅም» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ግን እስቲ እንጠይቅ፤ ጥፋቱ የማን ነው? ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የሚዳኝበት ሕግ ደግሞ አለ። የሲ ፕላስ ፕላስ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ‹ሜይን› የግድ ‹ኢንት› ይመልስ ይላል። ቱርቦ ገበያ ላይ የዋለው በ1990። ወንድሜን ያስተማረው ሕጉ ሳይጻፍ የተወለደ አስተርጓሚ ነበር ማለት ነው!

አዲሶቹስ ጻድቃን ናቸው? ኧረ የት አባታቸው! ያው የ1998ቱ ስታንዳርድ ለቴምፕሌት ‹ኤክስፖርት› የሚባል ነገር ደንግጎ ነበር። ጂሲሲም የማይክሮሶፍቱም ኮምፓይለር ሳይሠሩት ቀሩ። በመጨረሻ በ2011 የወጣው ስታንዳርድ ራሱ ሰረዘው። ተማሪ ቢሆኑ ዜሮ ነበር የሚያገኙት።

ስለዚህ ኮምፓይለርም ይፈተን። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1980ዎቹ ‹ኤዳ› ለተባለው ቋንቋው ይህንኑ አድርጓል። ኮምፓይለሩ በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ይፈተናል። ትክክለኞቹን መቀበል ብቻ አይበቃም፤ ሆን ተብለው የተሳሳቱትንም ለይቶ መጣል አለበት። ያላለፈ ‹የኤዳ ኮምፓይለር ነኝ› ማለት አይፈቀድለትም ነበር። ሁሉን እሺ የሚል አስተርጓሚ ደግ ሳይሆን አሳሳች መሆኑ ገብቷቸዋል።

እናቴ ገበያ ወርዳ ጤፍ ስትሸምት መጀመሪያ የምታየው እህሉን አይደለም፤ የሚሰፈርበትን ቁና ነው። ፕሮግራሚንግ የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶችም እባካችሁ እንደሷ ሁኑ። የልጁን ወረቀት በቀይ ከመሰረዛችሁ በፊት ‹በየትኛው ኮምፓይለር፣ በየትኛው ዓመት ስታንዳርድ ተማርክ?› በሉት። የራሳችሁንም በኮርሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉለት። ሁለት መስመር ነው።

ወንድሜ ‹ቮይድ›ን ‹ኢንት› ለማድረግ የፈጀበት ጥቂት ሰከንድ ነው። ‹ምንም አላውቅም› የምትለዋን ለመሰረዝ ግን አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፈጀበት።