ስንት ሜጋፒክሰል ለወንጪ ይበቃል?

ዛሬ የማነሣው ነገር የካሜራ ነገር ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅን ግን ባይተዋር ያደርጋል ብዬ አልሰጋም። የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በመደርደሪያው ያኖረ ሁሉ ባለቅኔ አልሆነም፤ ይሁንና ባለቅኔው አንዲት ቃል ባጣባት ሌሊት መዝገበ ቃላቱ ከአጠገቡ ካልተገኘ ስንኙ ጎዶሎ ሆኖ ያድራል። ብዙ ሜጋፒክሰል የሚይዝ ካሜራም እንዲሁ ነው። ገበያው «ትልቁ ይሻላል» ይለናል፤ እኛ ግን «የጎደለችኝ ቃል የትኛዋ ናት?» ብለን ብንጠይቅ ይበጀናል።

ይህን ጥያቄ በተለይ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች መልክዓ ምድርን በቁም ነገር ለሚያነሡ ወጣቶች ማቅረቤ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አምቦ የሚደርሰው መንገድ ለዓይን ድግስ ነው። በስተ ደቡብ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያሉት የደንዲና የወንጪ ተራሮች ሐይቅ አዝለው ቆመዋል፤ ደንዲ 8 ቁጥርን የመሰሉ ሁለት ተያያዥ ሐይቆች፣ ወንጪ ደግሞ በደሴቱ ላይ የቂርቆስን ገዳም የያዘ ሐይቅ አለው። ወንጪ በአስተዳደር ለደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ይቆጠር እንጂ የአምቦ ሰው እንደ ጓሮው ያየዋል። ከአምቦ ወደ ምዕራብ ጥቂት እልፍ ሲሉ ጉደርና ፏፏቴው፣ ወደ ኋላ በጊንጪ አቅራቢያ ደግሞ የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ቅሪት የሆነው የጭልሞ ደን ይገኛል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደውም በዚሁ ምድር፣ በአምቦ አጠገብ ባለችው ቦዳ ነው። እንዲህ ባለ ሀገር የሚኖር ሰው ካሜራዬ አነሰብኝ ቢል አይፈረድበትም።

ይሁንና ስሜቱን ለጊዜው እናቆየውና ሒሳቡን እንሥራ። በብዙዎች እጅ ያለው ካሜራ 24 ሜጋፒክሰል ነው፤ ይኸውም በወርድ 6,000፣ በቁመት 4,000 ነጥብ ማለት ነው። ይህን ለቅርብ ዓይን በሚመች ጥራት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብናትመው 51 በ34 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ባለ 45 ሜጋፒክሰሉ ኒከን ዲ850 በዚሁ ስሌት 70 በ47፣ በ2019 የወጣው ባለ 61 ሜጋፒክሰሉ ሶኒ ኤ7አር 4 ደግሞ 80 በ54 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ከ24 ወደ 61 ሲዘል ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ያደገ ይመስላል፤ የሥዕሉ ወርድ ግን የጨመረው 58 በመቶ ብቻ ነው። ነጋዴው ነጥቡን በስፋት ይቆጥራል፤ ዓይን ግን ዝርዝርን የሚለየው በመስመር ነውና ወርዱን እጥፍ ለማድረግ ነጥቡ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። በዚያ ላይ ትልቅ ሥዕል በአፍንጫ ተጠግተው አያዩትም። አንድ ሜትር ያህል ርቆ ለሚያይ ሰው በኢንች 150 ነጥብ ይበቃዋል፤ እንዲህ ከሆነ ያው የተናቀው 24 ሜጋፒክሰል ከአንድ ሜትር በላይ ወርድ ያለው ሥዕል ያወጣል ማለት ነው።

ሥዕሎቻችን የሚኖሩትስ የት ነው? አብዛኞቹ ከመዳፍ በማይሰፋ የስልክ መስተዋት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብለው ያልፋሉ። ባለ ፎር ኬ የተባለው ትልቁ ቴሌቪዥን እንኳ የሚያሳየው 8.3 ሜጋፒክሰል ብቻ ነው። በዓመት አንድ ሥዕል እንኳ በወረቀት ላይ የማያሳትም ሰው 61 ሜጋፒክሰል ሲገዛ ጎተራ ሠርቶ እፍኝ እህል እንደሚያስቀምጥ ገበሬ ይሆናል።

ደግሞም ዝርዝርን የሚበላው ብዙ ጊዜ ካሜራው አይደለም። በወንጪ አፋፍ ላይ የማለዳ ነፋስ አለ፤ ነጥቡ በደቀቀ ቁጥር የእጅ ትንሿ መንቀጥቀጥ እየጎላች ትታያለች፤ ስለዚህ ያለ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ በደብዛዛ ብርሃን የተነሣ የ61 ሜጋፒክሰል ሥዕል ከጸና የ24 ሜጋፒክሰል ሥዕል ያንሳል። ደካማ ሌንስ ጠንካራ ሴንሰር ላይ ቢገጠም ድክመቱ ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም። ቅርቡንም ሩቁንም አጥርቼ ላውጣ ብሎ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 16 የሚያጠብብ ሰው ደግሞ ዲፍራክሽን የሚባለው የብርሃን መበተን ይጠብቀዋል፤ በከፍተኛ ገንዘብ የተገዛው ብልጫ አብዛኛው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ አየሩ አለ። በጥርና በየካቲት የበጋው አቧራና የማሳው ጢስ ሸለቆውን ሲያለብሱት 61 ሚሊዮን ነጥብ ጭጋጉን 61 ሚሊዮን ጊዜ ይመዘግበዋል እንጂ አይገልጠውም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ዝናቡ አየሩን አጥቦ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን ግን የሩቁ ተራራ ግርግም በቅርብ እንዳለ ይጠራል። የመስከረም ማለዳ በነጻ የሚታደል ሬዞሉሽን ነው፤ ዋጋው በጊዜ መነሣት ብቻ ነው።

በነጻ ስል የገንዘቡን ነገር አነሣሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። 3,300 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ቀድሞ 188,000 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲገባ ወደ 400,000 ብር ተጠጋ፤ ይህም ቀረጡ ሳይታሰብ ነው። ወጪውም በካሜራው አያበቃም። ያልታመቀ የ61 ሜጋፒክሰል ጥሬ ፋይል 120 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል፤ በአንድ ማለዳ 200 ሥዕል ያነሣ ሰው 24 ጊጋባይት ተሸክሞ ይመለሳል። ማኅደረ ትውስታው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ ፋይሉን ያለ ድካም የሚከፍት ኮምፒዩተር፣ ሁሉም አብሮ ማደግ አለበት። ፈረሱን የገዛ ኮርቻውንና ገብሱንም ያስብ።

«ታላላቆቹስ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ1984ቱ ረሀብ ወቅት በሀገራችን ያነሣቸው ፎቶግራፎች የሚታወቁለት ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ «ጀነሲስ» ለተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2008 ተመልሶ መጥቶ የላሊበላንና የስሜንን ተራሮች በእግሩ አቋርጧል። በዚያው ዓመት ነው ከመካከለኛ ፎርማት ፊልም ወደ ዲጂታል የተሻገረው፤ የያዘው ካኖን ካሜራ 21 ሜጋፒክሰል ነበር። በ2013 የተከፈተው ያ ዐውደ ርእይ በዓለም ታላላቅ አዳራሾች ግድግዳ ሲሸፍን «ነጥቡ አነሰ» ብሎ የወጣ ተመልካች ስለመኖሩ አልተሰማም። የኛው ግርማ በርታ ደግሞ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት አሸንፏል። እርግጥ መንገደኛና ተራራ አንድ አይደሉም፤ ተራራ ዝርዝር ይወዳል። ነገር ግን ሁለቱም ሰዎች መሣሪያቸውን የመረጡት ሥራቸውን ካወቁ በኋላ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ካሜራ አትግዙ የሚል ይመስላል። አይደለም። ለኛ አገር መልክዓ ምድር ከፍተኛ ሬዞሉሽንን የሚያስመኝ አንድ ጽኑ ምክንያት አለ፤ እርሱም ውበት ሳይሆን ምስክርነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሡአቸው ሥዕሎች ከ140 ዓመት በኋላ ሌላ ጥቅም አገኙ። ያን ኒሰን የተባለ የቤልጅየም ተመራማሪና ባልደረቦቹ የተራሮቹን መስመር እየተከተሉ እያንዳንዱ ሥዕል የተነሣበትን ቦታ ፈልገው በዚያው ቆመው ደግመው አነሡ፤ ጥናታቸውም በ2009 ታተመ። ውጤቱ የብዙዎችን ግምት ያፈረሰ ነበር፤ ምድሪቱ ከዓመት ዓመት እየተራቆተች ብቻ መጣች ሲባል ኖሮ፣ በብዙዎቹ ሥፍራዎች የዛፍ ሽፋኑ ከ1868ቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ክርክር የተፈታው የድሮው ሥዕል እያንዳንዷን ቁጥቋጦና እርከን ለይቶ ለማሳየት የሚበቃ ዝርዝር ስለያዘ ነው። በ1868 ያነሡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ ዝርዝሩ ግን ጠበቀ።

አሁን ወደ አምቦ መንገድ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም አዲስ መዲና ማሠራት የጀመሩት በአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ስላለቀ ነበር፤ ባሕር ዛፍ መጥቶ አዲስ አበባን ባያድናት ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስለ አዲስ ዓለም «ከተማችን» ብሎ በጻፈ ነበር። ዛሬ ያ ዛፍ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። በጊንጪ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውና በኋላ መላ ኦሮሚያን ያዳረሰው ተቃውሞ ከጭልሞ ደንና ከአንድ የኳስ ሜዳ ጉዳይ ጋር ተያይዞ እንደተነሣ በሰፊው ተዘግቧል። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2020 ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ተካቶ፣ በ2021 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተሰልፎ፣ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶበታል። ይህ ሁሉ ለበጎ ይሁን ለክፉ የሚፈርዱት ልጆቻችን ናቸው። እነርሱ ግን የሚፈርዱት ማስረጃ ስንተውላቸው ነው። እንሰቱ የት ድረስ ነበር? የሐይቁ ውኃ ከየትኛው ድንጋይ ይደርስ ነበር? ጥድና ዝግባው ስንት ነበር? ይህን በስልክ መስተዋት ላይ ያማረች ደመና አትመልስም።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ሥዕልህ በስልክ የሚታይ ከሆነ ያለህ ካሜራ ይበቃሃል፤ ገንዘብህን ለመንገድ አድርገው። በቁም ነገር የምትሠራ ከሆንህ በቅድሚያ ነፋስ የማይነቀንቀው መቆሚያ፣ ቀጥሎ አንድ ጥሩ ሌንስ ግዛ። ሰፊውን ዝርዝር ለመያዝ ደግሞ ድሀ የሚያውቀው ዘዴ አለ፤ 24 ሜጋፒክሰሉን ካሜራ በቁመት አቁመህ፣ ሲሶውን እያደራረብህ አራት ሥዕል ጎን ለጎን ብታነሣና በኮምፒዩተር ብትሰፋቸው 12,000 በ6,000 ነጥብ፣ ማለትም 72 ሜጋፒክሰል ይሆንልሃል። ጀልባ ሲያልፍ ወይም ሣሩ በነፋስ ሲወዛወዝ ስፌቱ ይበላሻል፤ ረጋ ያለው የወንጪ ማለዳ ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም አነሰኝ ካልህ፣ በዓመት ጥቂት ትልልቅ ሥዕል የምታሳትም፣ ወይም አንድን ቦታ ለዓመታት ልትከታተል የወሰንህ ከሆንህ፣ ያን ጊዜ ከ36 እስከ 45 ሜጋፒክሰል የሚይዝ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ያገለገለ ካሜራ ፈልግ። 61ዱን ደንበኛህ ሲከፍልልህ ትገዛዋለህ።

ከማናቸውም ካሜራ ጋር ግን ሳትነፍግ ልትሰጠው የሚገባ ነገር አለ፤ ቀን፣ ቦታና የቆምህበት አቅጣጫ። ሥዕሉን በሁለት ሥፍራ አስቀምጥ፤ የቦታውን ስም የአካባቢው ሰው በሚጠራበት ቋንቋ ጻፍ፤ ባለ መሬቱን ሳታስፈቅድ መቆሚያህን አትትከል። በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ተመልሰህ ቁም። ቀንና ቦታ የሌለው የ61 ሜጋፒክሰል ሥዕል ደራሲው ያልታወቀ ብራና ነው፤ ያስደንቃል እንጂ አይመሰክርም።

ጸጋዬ የቦዳን ልጅነቱን ይዞ ወደ ዓለም ሲወጣ የተሸከመው ቃል ብቻ ነበር፤ ያ ቃል ግን ዛሬም ምድሪቱን ያሳየናል። እኛ ከቃል ሌላ ብርሃን የሚጽፍ መሣሪያ በእጃችን ገብቶልናል። በስንት ነጥብ ጻፋችሁ ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ ምን እንዳያችሁ ንገሩን የሚሉን ግን ይመጣሉ።