በሞቴ

«በሞቴ» የሚለው ቃል ከማዕዳችን ቢነሣ እወዳለሁ። ፍቅር ነው ይባላል፤ ለእምቢታ ግን ቦታ አይተውም።

ታላቅ እኅቴ ለውፍረት በተደረገላት ቀዶ ሕክምና ጨጓራዋ ተከፍሎ፣ ምግብ የምትቀበለው 30 ሚሊ ሊትር ያህል በምትይዝ ከረጢት ሆኗል፤ የቡና ሲኒ ይበልጣታል። ከረጢቷም በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ተቀጥላለች።

በፋሲካ ጠጅ አልጠጣም ብትል፣ እናታችን «በሞቴ» ብላ ብርዝ ቀዳችላት። («ብርዝ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ያልኩት እኔ ነኝ።) የማሩ ጣፋጭ ሳይዘገይ አንጀቷ ደረሰ፤ አንጀትም ከደሟ ውኃ ሳበ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልቧ ደለቀ፣ ላብ አጠመቃት፣ ቁርጠቱ ከገበታው አስነሣት።

ሐኪሟ ጣፋጭ እንደከለከላት ታውቅ ነበር። በሞቷ ለለመነቻት እናት ግን ሁለተኛ እምቢ ማለት ጭካኔ መስሏት ጨለጠችው።