ሽንኩርቱን የምታስጠማ ቀዳዳ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ሳል፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ስንጨዋወት ከርመን ዛሬ ስለ ሞተር ማንሣቴ የሚገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በእኛ በይፋት ቆላ ዝናቡ ሲያባራ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የሚንጠለጠለው በአንዲት የውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ነው። ከሮቢ ወይም ከጀውሃ ወንዝ ውኃ ስቦ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ፣ ችግኙን ከመደብ ወደ ማሳ ባዛወረ ማግስት ሞተሩ አልነሣም ካለው የሚታገሥበት ጊዜ የለውም። የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁም፣ ግቢያችሁ ውስጥ በቤንዚን የሚሠራ የሣር ማጨጃ ወይም ትንሽ ጄኔሬተር ካለ ሕመሙም ሕክምናውም ተመሳሳይ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ነርሲንግ ትምህርት ቤት አይደለም። ገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ መብራት ሲጠፋ የክትባት ማቀዝቀዣው የሚሠራው በጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩ እንቢ ካለ ክትባቱ ይበላሻል፤ መካኒክ ደግሞ ከከተማ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ እጃችንን አስገባን። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሞተር ሲያስቸግረው "ሲስተርን ጥሩ" ማለት ተለመደ።

ባለፈው ጥቅምት በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያሉ ጎረቤቴ ባለ 3 ኢንች መሳቢያቸውን በጋሪ ጭነው፣ 10ኛ ክፍል የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ።

"ሲስተር፣ ይኼ ነገር ሞቷል መሰለኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ሳይመረመር ማን ሞተ አለዎት? ቤንዚኑ መቼ የተቀዳ ነው?"

"ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ።"

ግማሹ ምርመራ እዚህ ላይ አለቀ። ቤንዚን እንደ ጠላ ተቀምጦ አይጥምም። ቀለል ያለው ክፍሉ ይተናል፣ የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል። በቆላ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ያ ሙጫ የሚጋገረው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው።

አስም ላለበት ሕፃን መድኃኒት የምንሰጥበትን ኔቡላይዘር ያያችሁ፣ ካርቡሬተርን ለመረዳት ብዙ አይቀራችሁም። አየር በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲያልፍ ፈሳሹን ከታች ይስበውና እንደ ጉም ይበትነዋል። ከካርቡሬተሩ በታች ያለችው ትንሽ ጽዋ ቤንዚኑን ትይዛለች፤ በውስጧ እንደ ሽንት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ያለ ተንሳፋፊ አለ፤ ጽዋዋ ስትሞላ መግቢያውን ይዘጋል፣ ስትጎድል ይከፍታል። ከጽዋዋ ወደ ላይ ቤንዚኑ የሚሳበው ግን በአንዲት የነሐስ ብሎን መሐል ባለች፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በምታንስ ቀዳዳ ነው። ሽንኩርቱን የምታስጠማው እሷ ናት።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ቀላል ቀላሉን እዩ። የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቷል? ማብሪያው በርቷል? የሞተር ዘይቱ ልክ ነው? ከእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ዘይት ሲጎድልባቸው እሳት እንዳይሰጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ግን ገመድ ሲጎትት ይውላል። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ከዚያ ገመዱን ደጋግማችሁ ጎትቱና ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ እየደረሰ ነውና ችግሩን እሳት ላይ ፈልጉ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። የጎረቤቴ ካንዴላ እንደ ጥቅምት ሜዳ ደርቆ ነበር። ቾኩ ሲዘጋ ተነሥቶ፣ ቾኩ ሲከፈት የሚጠፋ ሞተርም አብዛኛውን ጊዜ ያችው ቀዳዳ በከፊል ተደፍናበት ነው።

ለጀማሪ ደስ የሚለው ነገር ካርቡሬተሩን በሙሉ ማውለቅ አያስፈልግም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ደጅ፣ ጥላ ሥር፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቃችሁ ተቀመጡ። ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ትንንሾቹ ዕቃዎች አፈር ውስጥ ከወደቁ አይገኙም። ልጅቷ እያንዳንዱን ደረጃ በስልኳ ፎቶ እያነሣች ሠራች፤ ይህን ከእኔ አልተማረችም፣ እኔ ከእሷ ተማርኩ። መክፈቻውን ዝጉ፣ ከሥር ዕቃ ደቅኑ፣ የጽዋዋን ብሎን (በአብዛኛው በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል) ፍቱ። ጽዋዋ ስትወርድ ከታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውኃ ነው። የእኛው ጽዋ ውስጥ ግን ማር የመሰለ ዝቃጭ ነበር። የተንሳፋፊዋን ማያያዣ ሽቦ በቀስታ ሳቡ፤ አብራት የምትወጣውን ሾጣጣ መዝጊያ እንዳትጥሏት። ከዚያ መሐል ላይ ያለችውን የነሐስ ብሎን አፏን በሚሞላ ካቻቪቴ ፍቱና ወደ ሰማይ አንሥታችሁ እዩባት። ክብ ብርሃን መታየት አለበት።

እዚህ ላይ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት የመርፌ ጫፍ ፍለጋ ነው። አልሰጥም። መርፌ ብረት ስለሆነ ነሐሱን ይፍቀውና ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ የሰፋች ቀዳዳ ደግሞ አትጠብም። ሰው የተወጋበት ከሆነማ ጭራሽ ሌላ በሽታ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙና በእሷ አጽዱ፤ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡና በብስክሌት መንፊያ ንፉ። በአፍ አይነፋም።

ስለ አፍ ካነሣሁ ዘንዳ፣ በሥራ ዘመኔ ቤንዚንና ላምባ የጠጣ ሕፃን ታቅፈው የሮጡ እናቶችን ብዙ ተቀብያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚኑ የነበረው ሃይላንድ በምንለው የውኃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። የጠማው የ2 ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? ጎልማሶቹ ደግሞ በጎማ ከጀሪካን ሲስቡ ይውጡታል። ቤንዚን ሆድ ውስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት ሳንባ ውስጥ የሚያደርሰው ይከፋል፤ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ያቆስለዋል። ስለዚህ ጣት ከትቶ ማስመለስ፣ ሲወርድ ያልገባውን ሲመለስ ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። ወተትም መድኃኒት አይደለም፤ ሊያስመልስ ይችላል። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲያስለው፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ሲያቃስት ወይም ሲያንቀላፋ ካያችሁ አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ደህና ቢመስልም ባለሙያ ቢያንስ ለ6 ሰዓት ሊከታተለው ይገባል። ሞተሩ እንዲነሣ ብለው በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቤንዚን የሚያንቆረቁሩ ጎረምሶችንም ተቆጧቸው፤ እሳቱ ወደ ፊታቸው ሊመለስ ይችላል።

የጎረቤቴ መሳቢያ ጽዋዋ ተገጥማ፣ መፍሰስ አለመፍሰሷ ከታየ በኋላ በ3ኛው ጉተታ ተነሣች። ልጅቷ አያቷን ገመዱን አላስነካቻቸውም።

አንድ ሌላ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። ቆላ ደህና የሚሠራ መሳቢያ ደጋ ላሉ ዘመዶች ተውሶ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጣሊያኖች ዋሻ የፈለፈሉበት ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ይሳሳል፣ ቀዳዳዋ የምታሳልፈው ቤንዚን ግን ያው ስለሆነ ይበዛበታል። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ሲደርስ አንድ አምስተኛውን ማለት ነው። ሞተሩ ደጋ ላይ የሚከርም ከሆነ ባለሙያ ጠበብ ያለች ቀዳዳ ያላትን ብሎን ይቀይርለት። ቆላ ሲመለስ ግን የቀድሞዋ ትመለስ፤ አለበለዚያ ቤንዚን እያነሰው ከመጠን በላይ ይግላል።

ቆላ እያለ ጥቁር የሚያጨስ ሞተር ደግሞ ቾኩ ሳይከፈት ቀርቶ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ አብዝቶ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መሳቢያ ውኃን ከ7 ሜትር በላይ ወደ ላይ መምጠጥ ስለሚከብደው፣ ወንዙ ሲጎድል ሞተሩን ወደ ጉድጓድ የሚያወርዱ አሉ። ይህ በምንም ምክንያት አይደረግ፤ በደንብ የጸዳ ሞተርም ቢሆን ጉድጓድ ውስጥ ይገድላል። ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሲወድቅ ተከትሎ የሚወርደው ወንድሙ ወይም ልጁ ነው፤ እሱም አይወጣም። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው ወዲያው ነፋስ ወዳለበት ይውጣና ኦክስጅን ወደሚገኝበት ጤና ተቋም ይሂድ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ እየሠራ የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉና በራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ጽዋዋ ባዶ ትሆናለች። በማጠራቀሚያው የቀረውንም አውጡ። ለአዲሱ ወቅት አዲስ ቤንዚን በማጣሪያ አሳልፋችሁ ቅዱ። ጀሪካኑ ላይ እንደ መድኃኒት ዕቃ የተቀዳበትን ቀን ጻፉበት፤ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከመኝታና ከማድ ቤት ርቆ፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት ይቀመጥ።