ማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪን ነጥብ ይሸፍናል? የስደተኛ ተመራቂና የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች

"የመጀመሪያ ዲግሪዬን የጨረስኩት በ2.4 ነው፤ ማስተርሴ ግን 3.8 ነው። አሜሪካ ሕግ ለመማር ባመለክት የትኛውን ነው የሚያዩልኝ?" ከናይሮቢም ከካምፓላም፣ አሜሪካ ገብተው ከሰፈሩትም ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ አያስደስትም፦ ሁለቱንም ያያሉ፣ የሚቆጥሩት ግን የመጀመሪያውን ነው። ነገሩን ገባ ብለን ስናየው ግን አገር ቤት ለተማረ ሰው ሁኔታው ከሚፈራው ይሻላል። አሜሪካ ደርሶ ኮሌጅ ለጀመረው ደግሞ ይብሳል።

አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ በመደበኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ዲግሪውም ጄዲ ይባላል። ማመልከቻው የሚያልፈው ኤልሳክ በሚባለው የሕግ ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ድርጅት በኩል ነው። ኤልሳክ ትራንስክሪፕቶቻችሁን ሰብስቦ የራሱን ጂፒኤ ያሰላል። በዚህ ስሌት የሚገቡት የመጀመሪያው ዲግሪ እስኪያዝ ድረስ የተወሰዱ ኮርሶች ብቻ ናቸው። ማስተርሱም ዶክትሬቱም ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣሉ እንጂ ቁጥሯን ነቅነቅ አያደርጓትም።

ለምን በአሮጌው ነጥብ ሙጭጭ ይላሉ? የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጣቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ የገቢ ተማሪዎቻቸውን የመግቢያ ፈተና ውጤትና የባችለር ጂፒኤ በየዓመቱ ይፋ ማድረግ አለባቸው። ተማሪዎቹን ከላይ እስከ ታች ብታሰልፏቸው መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ቁጥር ይታተማል፤ የደረጃ ሰንጠረዥ የሚያወጡ መጽሔቶችም እሱን ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የልና ሃርቫርድ ለዋናው የደረጃ አውጪ መረጃ አንሰጥም ካሉ በኋላ የነዚህ ቁጥሮች ክብደት ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። የማስተርሳችሁ 3.8 በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት አለ፤ በማስተርስ ደረጃ ኤና ቢ የተለመደ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ለመለየት ብዙ አይረዳቸውም።

አሁን ለብዙ አንባቢዎቻችን ወደሚመለከተው እንምጣ። ዲግሪውን ሙሉ በሙሉ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ለተማረ ሰው ኤልሳክ ጂፒኤ አያሰላም። ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱን አይተው በቃል ነው የሚመድቡት፦ እጅግ የላቀ፣ ከአማካይ በላይ፣ አማካይ፣ ከአማካይ በታች። ስለዚህ የጅማው ወይም የማከረሬው 2.4 እንደ ቁጥር ወደ ታተመው ሰንጠረዥ አይገባም። "ከአማካይ በታች" የሚለው ቃል ደስ አይልም፤ ትምህርት ቤቱ ግን እናንተን በመቀበሉ የሚወርድበት ጂፒኤ የለም። ያኔ ሚዛኑ ወደ ፈተናው ያጋድላል። ማስተርሱም ቢሆን፣ በተለይ በእንግሊዝኛ ብዙ ያጻፈ ከሆነ፣ ተነቦ ይመዘናል።

ፈተናው ኤልሳት ይባላል፣ የሚታረመው ከ120 እስከ 180 ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ የሎጂክ ጨዋታ የሚባለው ክፍል ቀርቷል። የቀረው በአብዛኛው ንባብና የክርክር ትንተና ስለሆነ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ይከብዳል። ደጋግሞ መውሰድ ይቻላል፤ ትምህርት ቤቱ ለሪፖርት የሚያቀርበውም ከፍተኛውን ውጤት ነው። ነጥባችሁ ደካማ ከሆነ ጊዜያችሁን የምታፈሱት እዚህ ላይ ነው።

የሚያሳዝነው ግን በልጅነቱ አሜሪካ ደርሶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የጀመረው ነው። ሌሊት መጋዘን እየሠራ፣ ለቤተሰብ እየላከ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኤፍ ያገኘ ልጅ ብዙ ነው። በኋላ ኮርሱን ደግሞ ኤ ቢያመጣ ኮሌጁ የድሮውን ሊተውለት ይችላል፤ ኤልሳክ ግን ሁለቱም ነጥቦች ከነክሬዲታቸው ትራንስክሪፕቱ ላይ እስካሉ ድረስ ሁለቱንም ይቆጥራል። በቀነ ገደቡ ውስጥ በሥርዓት የተቋረጠ ኮርስ አይጎዳም፤ ዝም ተብሎ የተተወና እንደ ውድቀት የተመዘገበ ግን ዜሮ ነው። ታናናሾቻችሁ ይህንን ቀድመው ይስሙ። አንድ ፎርም መሙላት ነው።

ነጥቡ ለምን ወረደ የሚለውን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ የኛ ሰው ይህን ዕድል አይጠቀምበትም። ኦሃዮ የተቀመጠ አድሚሽን ኦፊሰር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ተማሪን ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው መንግሥት እንደሆነ አያውቅም። 70 በ30 በተባለው ፖሊሲ ዘመን ሕግ ሲመኝ ኢንጂነሪንግ የደረሰው ስንቱ ነው? ዩኒቨርሲቲዎች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ትምህርቱ የተቋረጠበትም አለ። ይህን በአንድ ገጽ፣ በቀን በቀኑ፣ ያለ ለቅሶ ጻፉት። የኛ ሰው ወይ ጨርሶ ይደብቃል፣ ወይ ከመርከቡ እስከ ካምፑ ሁሉንም ይዘረግፋል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥገኝነት ማመልከቻ ፎርሙም የት፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተማራችሁ ይጠይቃል። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ስትቀይሩ አንድ ዓመት ብትስቱ ሁለት ፋይል ላይ ሁለት ታሪክ ይሆናል። ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ለጠበቃው ያሳይ። የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ከዓመታት በኋላ የሕግ ትምህርት ቤት ማመልከቻችሁን መልሶ ሊያየው ይችላል። በተለይ ትራንስክሪፕት ማሠራት የሚባለው ነገር እዚህ ሙያ ውስጥ ከተያዘ ሙያው አለቀ።

ለኤርትራውያን ችግሩ ከነጥብም ይቀድማል። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከተማሩበት ተቋም እንዲላክ ነው የሚፈለገው፤ ከብሔራዊ አገልግሎት ሳይሰናበት የወጣ ሰው ወረቀቱን ከየት ያመጣል? እንዲህ ያለ ሰው ሳያመለክት በፊት ለኤልሳክም ለትምህርት ቤቱም ሁኔታውን በጽሑፍ ያስረዳ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በወጣው የጉዞ እገዳ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ኤርትራውያን የተማሪ ቪዛም ተዘግቷል። መልሶ ማስፈሩም እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ከታገደ በኋላ፣ ለ2026 በጀት ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ 7,500 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ምክር ዛሬ በይበልጥ የሚሠራው እዚያው ላለው ነው።

ገንዘቡስ? በስደተኝነት የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የፌዴራል የትምህርት ብድር ሊያገኝ ይችላል፤ ውሳኔ የሚጠብቅ ግን አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ሕግ ተማሪ የፌዴራል ብድሩ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ይቆማል። ነጥብ ለማጠብ ብቻ ተበድሮ ሌላ ማስተርስ መጨመር በኔ ግምት ኪሳራ ነው። ማስተርሱን ለራሱ የፈለገው ይማር፤ ለጂፒኤ ብሎ ግን አይሆንም።

አገር ቤት ሕግ የተማረ ሰውም ጄዲን እንደገና ከዜሮ መጀመሩ ግዴታ አይደለም። ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ በውጭ አገር ሕግ ለተመረቁ፣ በአንድ ዓመት የኤልኤልኤም ትምህርት ለጥብቅና ፈተና የመቀመጥ መንገድ አላቸው።

ፍላጎቱ የስደተኛ ጉዳይ መያዝ ብቻ ለሆነ ሰው ሌላ በር አለ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጣቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ፣ ጠበቃ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው የኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዲይዙ ይፈቅዳል። ሙሉ ፈቃድ ያገኘ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ድረስ ይቆማል። ትግርኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው ለሚፈልግ ቢሮ፣ ከነጥቡ ይልቅ ቋንቋው ይበልጣል።