እጮኛዬ ሊሚተሩን አስነቀለው!

«ከሁርሶ ነው የምጽፍልህ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አስፋልቱ ዳር ሻይ እሸጣለሁ። እጮኛዬ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲመላለስ በእኛው በር ነው የሚያልፈው። በጣም እንዋደዳለን። ባለፈው ወር ግን ጋራዥ ወስዶ ስፒድ ሊሚተሩን አስነቀለው። ‹ወንድ ልጅ ታስሮ አይነዳም› አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ፍየሎቹን ይዞ ያንኑ አስፋልት በቀን ሁለቴ ያቋርጣል። ስናገረው ‹አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?› ይለኛል። ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ («አንተ» ስላልሽኝ አልተቀየምኩም፤ የድሬ ሰው «አንቱ» አይወድም።) መጀመሪያ ለእሱ ልፍረድለት። ሹፌሮች ሲያማርሩ ሰምቻለሁ፦ ቀርፋፋ መኪና ለመቅደም ስትወጣ መሣሪያው መሀል መንገድ ላይ ጉልበት ይነሳሃል፤ ሽፍታ ባለበት መንገድ ደግሞ መፍጠን ነፍስ ያድናል ይላሉ። ሁለተኛው እውነትነት አለው። ለመጀመሪያው ግን መልሱ አለመቅደም ነው።

«ታስሮ አይነዳም» ያለው ቀልድ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከባድ መኪኖቻቸውን በ90 ኪሎ ሜትር አስረው ይነዳሉ። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ማታቱዎቿን በ80 ገድባለች። እኛም ጋ የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ይግጠሙ ከተባለ ቆይቷል። አሜሪካኖች ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ያረቀቁትን ደንብ በ2025 ትተውታል፤ ክርክሩ የእጮኛሽ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

መኪና ባታውቂም የሻይ ሒሳብ ታውቂያለሽ፤ አብረን እናስላ። 240 ኪሎ ሜትር በ80 ሲነዳ 3 ሰዓት፣ በ100 ሲነዳ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ትርፉ 36 ደቂቃ! ጉምሩክ ላይ ተሰልፎ የሚያድረውን ሌሊት ግን የትኛው ፍጥነት ይመልስለታል? ከ80 ወደ 100 ሲወጣ ደግሞ መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያድጋል። ያን ሁሉ ማቆም ያለበት ያው የድሮው ፍሬን ነው። ፍየል ደግሞ ጥሩንባ ሲነፋባት ወደየት እንደምትሮጥ አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ።

የምጠረጥረው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚከፈለው በቢያጆ ከሆነ፣ የሚያጣድፈው ወንድነቱ ሳይሆን ባለንብረቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትጨቃጨቂው። ሻይ ቀድተሽ፣ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ «አስነቅለው ያለህ ማነው?» በይው። ባለንብረቱ ከሆነ ቁርጡን ይንገረው፤ አደጋ ቢደርስ መሪውን የጨበጠው እሱ ነው፣ መጀመሪያ የሚታሰረውም እሱ። ሌላ መኪና ፈልጎ መያዝ ይችላል፤ እስር ቤት ሆኖ ግን ሚዜ አይመርጥም።

የራሱ ሐሳብ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠዋት መኪናውን ያቁምና ከወንድምሽ ጋር ፍየሎቹን በእግሩ ያሻግር። ጓደኞቹ እየበረሩ ሲያልፉ ቆሞ ይያቸው።

መሣሪያውን እስኪያስገጥም ድረስ የሠርግ ካርዱን አታሳትሚ። ያለሽን ጻፊልኝ።